ኦልሰን ፊልድ፦ እማዬን ይዤ የኮሌጅ ቤዝቦል ያየሁበት ቅዳሜ (የናንተንም ሐሳብ እፈልጋለሁ)

የጋርላንዱ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች በሙሉ። እዚህ ከእግር ኳስ ሌላ ወሬ የለንም፤ ደስ ይለኛል፣ እኔም ከእናንተ አንሼ አላወራም። ግን አሜሪካ እየኖርን፣ ልጆቻችን እዚሁ ተወልደው እያደጉ፣ ቤዝቦልን «እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር ነው» ብለን መዝጋታችን ያንገበግበኛል። ብዙዎቻችን አንድ ቀን በመሥሪያ ቤት ትኬት ትልቁ ስታዲየም ሄደን፣ ከላይ ጣራው ሥር ተቀምጠን፣ የተጫዋቹ ፊት ሳይለይልን፣ ምኑም ሳይገባን ወጥተናል። ፍርዳችንን የሰጠነው በዚያች ቀን ነው።

እኔ የምለው ይኼን ነው። ቤዝቦልን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዩ ከሆነ ኮሌጅ ሂዱ። ትልቁን ሊግ፣ የባለሙያዎቹን ማለቴ ነው፣ ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

የእህቴ ልጅ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ነው የሚማረው። ዩኒቨርሲቲው ያለው ኮሌጅ ስቴሽን የምትባል ከተማ ውስጥ ነው፤ ከእኛ ከዳላስ በኩል ሦስት ሰዓት ገደማ ያስነዳል፣ ከሂውስተን ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል። ልጁ «ጋሼ፣ አያቴን ይዘሃት ና» ብሎ ትኬት ቆረጠ። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት፤ ቤት ውስጥ መዋል ሰልችቷታል። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ገና ከመኪና ስንወርድ ያገኘነው ሰው ሁሉ «ሃውዲ» ይላታል። የግቢው ሰላምታ ነው፤ ተማሪው፣ ጥበቃው፣ ትኬት የሚቀበለው ሽማግሌ ሳይቀር። እማዬ ለእያንዳንዱ ጎንበስ እያለች «እግዚአብሔር ይመስገን» ስትል ነው በሩ ላይ የደረስነው። ሰው ሁሉ ማሩን ለብሷል፤ ያ ጠቆር ያለ የወይን ጠጅ ቀለም ማለት ነው። ሜዳው ኦልሰን ፊልድ ይባላል፣ ከ1978 ጀምሮ ያለ ነው። በ2012 አሳምረው አደሱትና ብሉ ቤል ፓርክ የሚለው ስም ተጨመረበት። ብሉ ቤል እዚያው አጠገብ ብሬናም ውስጥ ያለው የአይስክሬም ፋብሪካ ነው፤ ቴክሳስ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

የተቀመጥነው ከሜዳው ቅርብ ነው። ይኼ ነው ልዩነቱ። ኳሷ የካቸሩን፣ ማለት ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ የሚቀበለውን ልጅ፣ ጓንት ስትመታ ይሰማል። አሰልጣኙ ሲያስነጥስ ይሰማል። ልጆቹ ጥርሳቸው ላይ ብረት ያለባቸው፣ ፂማቸው ገና እንደነገሩ የበቀለ ልጆች ናቸው። ደግሞ የባቱ፣ የመምቻው ዱላ፣ ድምፅ! ትልቁ ሊግ የሚጫወተው በእንጨት ብቻ ነው። ኮሌጅ ውስጥ ግን ባቱ አሉሚኒየም ወይም እሱን የመሰለ ነገር ነው፤ ኳሷ መሐሉን ካገኘችው «ቲንግ!» ይላል፣ ድምፁ ስታዲየሙን አቋርጦ መንገድ ድረስ ይሄዳል። እማዬ መጀመሪያ ላይ ደነገጠች፤ ኋላ ግን እሱን ትጠብቅ ጀመር።

ጨዋታውን ያስረዳኋት እንዲህ ነው። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይመታል። የመታው አራቱን ማዕዘን ዞሮ ቤቱ ከተመለሰ አንድ ነጥብ ነው። ልክ እንደ ልጅነታችን አባሮሽ፣ ማዕዘኑን ከረገጠ ማንም አይነካውም፤ መሐል መንገድ ላይ ኳስ በያዘ እጅ ከተነካ ወጣ። ሦስት ሰው ሲወጣ ተራው ይቀየራል። ሁለቱም ቡድን አንድ አንድ ተራ ከመቱ አንድ ኢኒንግ ይባላል፤ እንዲህ ዘጠኝ ጊዜ። ወርዋሪው፣ ማለት ፒቸሩ፣ ለመምታት በሚመች ቦታ ካሳለፈ ስትራይክ ነው፣ ሦስት ስትራይክ መቺውን ያስወጣዋል። ከቦታው ውጪ ከወረወረና መቺው ባቱን ካልሰነዘረ ቦል ይባላል፤ አራት ቦል ከሞላ መቺው ምንም ሳይመታ በነፃ ወደ መጀመሪያው ማዕዘን ይሄዳል። ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፣ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ኢኒንግ ላይ የኛዎቹ ነጥብ አገቡ። ወዲያው ከየት መጣ ሳይባል የሳሙና አረፋ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። ነጥብ በገባ ቁጥር አረፋ የሚለቅ ማሽን አላቸው። ከፊታችን የነበረች ትንሽ ልጅ ወንበር ላይ ቆማ አረፋ ስታፈነዳ እማዬ ወገቧን ይዛላት ቆየች፤ እናትየዋ ዞራ ፈገግ አለች፣ አለቀ። ማንም «ልጄን አትንኩ» ያለ የለም። ከጎናችን አንድ የአሥር ዓመት ልጅ የሚሆን ጓንቱን አጥልቆ፣ ዓይኑን ከሜዳው ሳይነቅል፣ ወደ እኛ የሚመጣ ኳስ ሲጠብቅ ነው የዋለው። ሆት ዶግ እንኳን በግራ እጁ ነው የበላው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አራተኛው ኢኒንግ ላይ እንግዳው ቡድን አዲስ ፒቸር አስገባ። አንደኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ስሙንም የመጣበትንም ትምህርት ቤት አልጽፍም፣ ልጅ ነው። የመጀመሪያውን መቺ በአራት ቦል በነፃ አሳለፈው። ያን ጊዜ ስታዲየሙ በሙሉ አምስት ጣቱን ዘርግቶ «ቦል አምስት! ቦል አምስት!» ማለት ጀመረ። ልጁ ወረወረ፣ አሁንም ቦል። «ቦል ስድስት!» እንደገና። «ቦል ሰባት!» ስትራይክ እስኪወረውር ድረስ አያቆሙም። የታወቀ ልማዳቸው ነው፣ የእህቴ ልጅም ቆሞ ይቆጥራል። ልጁ ከሚወረውርበት ጉብታ ወረደ፣ የላብ ማድረቂያዋን ነጭ ከረጢት በእጁ አገላበጠ፣ ጣለ፣ እንደገና አነሳት። ኮፍያውን አወለቀ፤ ፀጉሩ በላብ ግንባሩ ላይ ተጣብቋል። ካቸሩ ሄዶ ደረቱን መታ መታ አደረገውና ተመለሰ። ዘጠኝ ደረሱ።

እማዬ «ምንድነው የሚሉት?» አለችኝ። ነገርኳት። እጇን ከጭብጨባ አወረደች። ከእኛ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ የእንግዳው ቡድን ቤተሰቦች ነበሩ፤ አንዲት ሴት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። ማን እንደሆነች ለመገመት አዋቂ መጠየቅ አያስፈልግም። አሰልጣኙ ወጥቶ ኳሱን ከልጁ ሲቀበል እማዬ ተነሳች፣ ወረደች፣ ትከሻዋን ይዛ «አይዞሽ የኔ ልጅ» አለቻት። በአማርኛ ነው። ሴትዮዋ እጇን ያዘቻት፣ ለጥቂት ጊዜም አልለቀቀቻትም።

ጨዋታውን የኛዎቹ አሸነፉ። ቀኑ ደስ የሚል ነበር፣ ነገ ሂድ ብትሉኝ እሄዳለሁ። ግን ስለዚህ ቆጠራ ምን ትላላችሁ? ደግሞ ኮሌጅ ቤዝቦል የሚያይ ሰው እዚህ አለ?

ቤሌር መንገድ

አለን እንጂ ወንድሜ! ሂውስተን ነኝ፣ ከባለቤቴ ጋር በየወቅቱ እንሄዳለን። አንተ የጻፍከው ላይ ልጨምር።

ወቅቱ የካቲት አጋማሽ ላይ ይጀምራል። ሳምንቱ እንዲህ ነው የሚሄደው፦ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ ከአንድ ቡድን ጋር ሦስት ጨዋታ፤ መሐል ሳምንት ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማክሰኞ ከአቅራቢያ ቡድን ጋር አንድ ጨዋታ። በአጠቃላይ እስከ 56 ጨዋታ። አሰልጣኞች በጣም የሚተማመኑበትን ፒቸር አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ነው የሚያስጀምሩት። ስለዚህ ጥሩ ውርወራ ማየት የሚፈልግ ዓርብ ይሂድ። ልጆች ያሉት፣ ግርግር የማይወድ፣ ማክሰኞ ይሂድ። ማክሰኞ ብዙ አዳዲስ ልጆች ይሞከራሉ፣ መቀመጫም አይጠፋም።

ደግሞ ይኼ ነገር ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ሚሲሲፒ ስቴት የሚባለው ትምህርት ቤት ሚያዝያ 2023 ላይ ኦል ሚስን ሲገጥም 16,423 ሰው ገብቷል። በግቢ ውስጥ ባለ ሜዳ እንዲህ ያለ ቁጥር ከዚያ በፊት አልታየም። እዚያ ከግራው አጥር ኋላ ሰዉ ሥጋ እየጠበሰ ነው የሚያየው። ድሮ ፒክአፕ መኪናቸውን አጥሩ ጋ አቁመው ከላዩ ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው፣ አሁን በቋሚ ግንባታ ሠሩላቸው። እኔና ባለቤቴ አንድ ቀን እዚያ ሄደን ሥጋ መጥበስ እንፈልጋለን።

ስለ ቆጠራው፦ እኔም እቆጥራለሁ። እውነቱን ለመናገር እናትህ ያደረጉትን ካነበብኩ በኋላ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ።

የሁለት ወንዶች እናት

እኔ ደግሞ ከታች ረድፍ የምቀመጠው ሰው ነኝ። ትልቁ ልጄ የ16 ዓመት ፒቸር ነው፣ የሃይስኩል። እናትህን እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ሰዎች ፒቸር ምን እንደሆነ አያውቁም። እግር ኳስ ላይ አንዱ ቢበላሽ አሥሩ ይሸፍኑታል። ፒቸር ግን ሜዳው መሐል፣ ከፍ ያለ አፈር ላይ፣ ብቻውን ነው። እሱ ካልወረወረ ጨዋታው አይንቀሳቀስም። ሲበላሽበት የሚደበቅበት ቦታ የለውም። ልጄ አንድ ቀን እንዲህ ዓይነት ነገር ደርሶበት መኪና ውስጥ ገብቶ ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እራቱን ወደ ክፍሉ ወሰድኩለት። ሳይነካው አደረ።

እኔ በየሳምንቱ ቅዳሜና እሑድ የምውለው ሜዳ ላይ ነው። በክረምትም በበጋም። ቤንዚኑ፣ ሆቴሉ፣ የቡድኑ ክፍያ፣ ጓንቱ፤ ስንቱን ልንገራችሁ። የኔ ቢጤ ሐበሻ እናት እዚያ ብዙ የለችም፤ ብርድ ልብሴንና ሻዬን ይዤ ጥግ ላይ ነኝ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ክርኑ ነው። የፒቸሮች ክርን ውስጥ ያለው ጅማት ይበጠሳል። ዶክተር ፍራንክ ጆብ የሚባሉ ሐኪም በ1974 ቶሚ ጆን ለሚባል ተጫዋች ከሌላ የሰውነቱ ክፍል ጅማት ወስደው ተከሉለት፤ ከዚያ ወዲህ ቀዶ ጥገናው በሱ ስም ይጠራል። ያን ጊዜ ለአንድ ትልቅ ተጫዋች የተደረገ ነገር ዛሬ ሃይስኩል ልጆች ላይ ይሠራል። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሜዳ ያርቃል። ልጄ ስንት ኳስ እንደወረወረ በደብተር እጽፋለሁ፤ አሰልጣኙ አንድ ተጨማሪ ኢኒንግ ቢለው አጥሩ ጋ እሄዳለሁ።

ስለዚህ ስድስት ሺህ ሰው ጣቱን ዘርግቶ በአንድ ልጅ ላይ ሲቆጥር ባህል ነው ቢሉኝ አልቀበልም። የማን ልጅ ነው ብሎ መጠየቅ ደግ ነው።

ማሩን 2026

ሰላም ታላላቆቼ። የኤ ኤንድ ኤም ተማሪ ነኝ፣ አማርኛ የምጽፈው እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ እያረመችኝ ነው፣ ታገሱኝ።

እህቴ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግን እኛም የምንለውን ስሙልኝ። ስድብ አይደለም። የልጁን ስም አንጠራም፣ እናቱን አንጠራም። ሌላ ቦታ ስንሄድ ለኛ ልጆች የሚወረወረውን ቃል ብጽፈው እዚህ ይደመሰሳል። እኛ የምንለው ቁጥር ነው። አንድ ስትራይክ ከወረወረ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ያበቃል። መዝጊያው በእጁ ነው። አንዳንዱ ፒቸር እኮ ከጉብታው ላይ ሆኖ ይስቃል፣ ከዚያ መሐል ለመሐል ይወረውርልናል፤ ያን ጊዜ ከልብ እናጨበጭብለታለን።

ደግሞ ይኼ ሕዝብ ጨካኝ አይደለም። ሰኔ 2024 ላይ ኦሪገንን ስንገጥም እዚያ ነበርኩ። ብሬደን ሞንትጎመሪ፣ ምርጡ ልጃችን፣ ወደ ሆም ፕሌት፣ ነጥብ ወደሚገባበት ማዕዘን፣ ሲንሸራተት ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ገና የመጀመሪያው ኢኒንግ ነው። ያ ሁሉ ሰው ዝም አለ፤ ከኋላዬ አንድ ትልቅ ሰውዬ ኮፍያቸውን አውልቀው ይጸልዩ ነበር። ያለ እሱ ኦሪገንን አሸንፈን ኦማሃ ገባን። እስከ ፍጻሜው ሄድን። ከቴነሲ ጋር የመጀመሪያውን 9 ለ 5 አሸነፍን፣ ሁለተኛውን 4 ለ 1 ተሸነፍን፣ ሦስተኛው 6 ለ 5 አለቀ። አንዲት ነጥብ! ትምህርት ቤታችን በቤዝቦል አንድም ጊዜ የአገሪቱን ዋንጫ አልወሰደም። እስካሁን ሳስበው ይቆጠቁጠኛል። ሞንትጎመሪን ግን በዚያው ክረምት፣ እግሩ ሳይድን፣ የትልቁ ሊግ ቡድን ቦስተን ሬድ ሶክስ በ12ኛ ምርጫ ወሰዱት።

ኦማሃ ለማታውቁ፦ ነብራስካ ውስጥ ነው፣ የኮሌጅ ቤዝቦል ፍጻሜ ከ1950 ጀምሮ እዚያ ነው የሚደረገው። 64 ቡድን ይጀምራል፣ 16 ይቀራል፣ ከዚያ 8። ስምንቱ ኦማሃ ይገባሉ። ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ወደ ቤቱ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከሦስት ጨዋታ ሁለት ላሸነፈ ይለያሉ። አንድ የኮሌጅ ተጫዋች «ኦማሃ» ሲል እኛ ዓለም ዋንጫ የምንለውን ያህል ነው።

ቦሌ ሚካኤል

እኔ አዲስ አበባ ነው ያለሁት፤ ቤዝቦል በሕይወቴ አላየሁም፣ ግን ይኼን ክር ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ። ጥያቄ አለኝ። እነዚህ ልጆች ተማሪ ናቸው ወይስ ይከፈላቸዋል? እዚያ ደረጃ የደረሰ ልጅ ለምን ወዲያው ትልቁ ሊግ አይገባም? እኛ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኳስ የሚጫወት ልጅ ለማየት ስድስት ሺህ ሰው ትኬት ቆርጦ ይገባል ብሎ ማሰብ ይከብደኛል።

የጋርላንዱ

ቦሌ ሚካኤል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ተማሪዎች ናቸው፣ ክፍል ይገባሉ፣ ፈተና ይወድቃሉ፣ ያልፋሉ። ለብዙ ዓመት አንድ የአንደኛ ዲቪዚዮን ቤዝቦል ቡድን የነበረው 11.7 ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር። አሥራ አንድ ነጥብ ሰባት። ያቺን ለብዙ ልጅ እየሸራረፉ ያካፍሏት ነበር። በቴሌቪዥን የምታየው ኮከብ ግማሽ ክፍያውን ወላጆቹ የሚሸፍኑለት ልጅ ሊሆን ይችል ነበር ማለት ነው። ከ2025 መኸር ጀምሮ አዲሱን ሥርዓት ለተቀበሉ ትምህርት ቤቶች ይኼ ተቀይሯል፤ ገደቡ በስኮላርሺፕ ሳይሆን በተጫዋች ቁጥር ሆነ፣ 34 ልጅ፣ ትምህርት ቤቱ ከፈለገና ካቅሙ ለሁሉም ሙሉውን መክፈል ይችላል። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ልጆቹ በስማቸው ማስታወቂያ ሠርተው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል።

ትልቁ ሊግ ልጆችን የሚመርጠው በየክረምቱ ነው፣ 20 ዙር። ሃይስኩል ሲጨርሱ ሊመረጡ ይችላሉ። ግን አራት ዓመት የሚያስተምር ኮሌጅ ከገቡ ሦስተኛ ዓመት እስኪጨርሱ ወይም 21 እስኪሞላቸው ይጠብቃሉ። ለዚህ ነው ኮሌጅ ላይ ልጆቹን እያወቅካቸው የምትመጣው። የአንደኛ ዓመቱን ፍርሃት ታያለህ፣ የሦስተኛ ዓመቱን ልበ ሙሉነት ታያለህ። ቢመረጡም ወዲያው ትልቁ ሜዳ አይገቡም፤ ታች ባሉት ሊጎች በአውቶቡስ ሲንከራተቱ ዓመታት ያልፋል፣ አብዛኛው ልጅ ደግሞ እዚያም አይደርስም። ያ ቅዳሜ ለብዙዎቹ ትልቁ መድረካቸው ነው። እኔን የሚስበኝ ይኼው ነው።

አግሮኖሚስቱ

ልጆች፣ ስለ ቤዝቦል የማውቀው ነገር የለም፤ የትምህርት ቤቱን ስም አይቼ ነው የገባሁት። ኖርማን ቦርሎግ፣ የኖቤል ተሸላሚው የስንዴ ሊቅ፣ ከ1984 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚህ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበሩ። እኛ አገር በ1993 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የሳሳካዋ ግሎባል 2000 የእርሻ ፕሮግራም ዋና ሰው እሳቸው ነበሩ። የሠርቶ ማሳያ መሬት ላይ ቆመው ገበሬውን ሲያወያዩ አይቻቸዋለሁ፣ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ። የጋርላንዱ፣ በሚቀጥለው ስትሄድ እናትህን በስማቸው የተሰየመውንም ሕንፃ አሳያቸው። እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

የጋርላንዱ

አባቴ፣ ይኼን አላነበብኩም ነበር። አሳያታለሁ፣ በርስዎ ስም። ጤና ይስጥልኝ።

ስልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁም በደንብ ጻፋችሁ፣ ግን እኔ አልተመለስኩም። ጨዋታው ቀርፋፋ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ተቀምጬ ፒቸር ኮፍያውን ሲያስተካክል ማየት አልችልም። እግር ኳስ 90 ደቂቃ ነው፣ ልብህ ይመታል፣ ቤትህ ትገባለህ።

ቤሌር መንገድ

ስልቨር ስፕሪንግ፣ ያየኸው ድሮ ነው። አሁን ፒቸሩ በሰዓት ነው የሚወረውረው። ትልቁ ሊግ በ2023 ነው ያስገባው፤ ኮሌጅም ላይ 20 ሰከንድ እየተቆጠረ ነው የሚወረወረው፣ ፒቸሩ ሰዓቱን ካሳለፈ ቦል ይቆጠርበታል። ኤ ኤንድ ኤም ባለበት ሊግ ደግሞ አንዱ ቡድን ከሰባት ኢኒንግ በኋላ በአሥር ነጥብ ከመራ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። ሰዉን አያስመሹትም።

ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ሌላ ነገር ልንገርህ። ቤዝቦል ላይ የምታየው ከውርወራ ውርወራ መሐል ያለውን ነው። ሁለት ቦል፣ ሁለት ስትራይክ፣ ሦስተኛው ማዕዘን ላይ አንድ ሯጭ። ፒቸሩ ወደታች የሚሰበር ኳስ ሊወረውር ይፈልጋል፤ ግን መሬት መትታ ካቸሩን ካለፈች ሯጩ ገባ። መቺውም ይኼን ያውቃል። ሁለቱም አንዱ አንዱ የሚያስበውን እያሰበ ነው። ይኼ ከገባህ ያቺ 20 ሰከንድ ታጥርብሃለች።

ደግሞ አንተማ ሰበብ የለህም። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ኮሌጅ ፓርክ ነው፣ ከሰፈርህ ቅርብ። በ2023 የሊጋቸውን ውድድር ያሸነፈ ቡድን ነው። ከሥራ ስትወጣ ግባና አምስት ኢኒንግ አይተህ ውጣ፣ ማንም አይከለክልህም።

የሁለት ወንዶች እናት

ማሩን፣ በርታ፣ አማርኛህ ጥሩ ነው፣ እናትህንም ሰላም በልልኝ። ስድብ አይደለም ያልከውን እቀበላለሁ፤ ሌላ ቦታ የሚባለውን ሰምቼዋለሁ። ግን «መዝጊያው በእጁ ነው» ያልከው ላይ አልስማማም። በዚያ ሰዓት እኮ እጁ ነው ያልታዘዘው። ልጁ ስትራይክ መወርወር ጠልቶ አይደለም።

ሌላም ነገር ላንሳ። እዚያው ትምህርት ቤት ጄስ ላቪዮሌት የሚባል ልጅ ነበራችሁ። ግንቦት 2025 ላይ በሊጋችሁ ውድድር ኳስ እጁን መትታው ሰበረችው፣ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ በማግስቱ ገብቶ ተጫወተ። ሁሉም «ጀግና ነው» አለ። ልጄም ቪዲዮውን አሳየኝ፣ ዓይኑ እያበራ። እኔ ግን አላጨበጨብኩም። ልጄን ስልኩን አስቀምጦ እንዲያዳምጠኝ ጠየቅኩትና «አንተ እንዲህ አታደርግም» አልኩት። ልጆቻችን ሕመማቸውን ደብቀው መጫወትን ከማን እንደሚማሩ ማየት አለብን። ጭብጨባው ያስተምራቸዋል፣ ቆጠራውም ያስተምራቸዋል።

ማሩን 2026

እህቴ፣ ላቪዮሌትን በጣም ነው የምወደው፣ ያን ቀን አልቅሻለሁ። ያ ዓመት ከባድ ነበር፤ ከወቅቱ በፊት አንደኛ ተብለን ተጀምሮ 64ቱ ውስጥ እንኳን ሳንገባ ቀረን። እሱ ያንን እያየ ነው ቡድኑን ትቶ መቀመጥ ያቃተው። የትልቁ ሊግ ቡድን ክሊቭላንድ በመጀመሪያው ዙር መርጦታል፣ ደስ ብሎኛል። ግን ስለ ልጅዎ ያሉት እውነት ነው። እናቴም ይኼን ስታነብ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ከጓደኞቼ ጋር ተነጋገርኩበት። መቁጠር አናቆምም፣ አልዋሽዎትም። እዚያ የማይቆጥር የለም። ግን አንድ ነገር ተስማማን፦ ፒቸሩ ተቀይሮ ሲወጣ ቆመን እናጨበጭብለታለን። እኛ ያለንበት ረድፍ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። እናደርገዋለን።

የሁለት ወንዶች እናት

እሱ ይበቃኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የጋርላንዱ

ማሩን፣ የእህቴን ልጅ አስተዋውቅሃለሁ፣ እናንተ ረድፍ ይቀመጣል።

እማዬ ስለዚያ ልጅ መጠየቅ አልተወችም። «ልጁ እንዴት ሆነ?» ትላለች፣ ቡና ስታፈላም፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስም። የእህቴ ልጅ የቡድኑን ውጤት ከስልኩ እየከፈተ ያይላታል። እስካሁን እንደገና አላስገቡትም። ልጁ እያደገ ነው፣ አንደኛ ዓመት ነው አልኳት። «እንግዲህ ሲገባ ንገሩኝ» ብላለች።

ሌሎች በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝን እዚሁ ልመልስ። ቦርሳ የሚፈቀደው ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ነው፣ እናቶች የእጅ ቦርሳቸውን መኪና ውስጥ ይተዉ። የቀን ጨዋታ ከሆነ ኮፍያና የፀሐይ ቅባት ግድ ነው፤ ሚያዝያ ላይ የቴክሳስ ፀሐይ ቀልድ የላትም። ከሜዳው አጠገብ የባቡር ሐዲድ አለ፣ ባቡር ሲያልፍ ጥሩምባው ይጮኻል፣ ሕፃን የያዘ ይዘጋጅ። ልጆች ጓንት ይያዙ፤ ጓንት የሌለው ደግሞ ዓይኑን ከሜዳው አያንሳ፣ ወደ ወንበሩ የሚመጣ ኳስ ጥርስ ያወልቃል። ምግብ ከቤት ይዞ መግባት አይቻልም። እማዬ ዳቦ ቆርሳ ነበር፣ መኪናው ጋ ቆመን በላነው፤ ከጎናችን ያቆሙ ቤተሰቦችም ቀመሱ፣ ደግሞም ጠየቁ።

ስልቨር ስፕሪንግ

እሺ፣ ተሸነፍኩ። ኮሌጅ ፓርክ ማክሰኞ ጨዋታ ካለ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ይዣት እሄዳለሁ። የት ብንቀመጥ ይሻላል?

ቤሌር መንገድ

ከካቸሩ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ጎን። መረቡ ስላለ ልጅህን ኳስ አይመታትም፣ ኳሷ አየር ላይ ስትታጠፍም ከዚያ ነው የሚታየው።

የጋርላንዱ፣ በሚቀጥለው ወር ቅዳሜ እኔና ባለቤቴ ከሂውስተን እንነሳለን። እናትህን ይዘህ ና፣ ባለቤቴ ልታገኛቸው ትፈልጋለች። መኪናችን ውስጥ ሁለት ቦታ ይተርፋል፤ ደቡብ ምዕራብ ሂውስተን ያላችሁ፣ መምጣት የምትፈልጉ፣ እስከ ረቡዕ ድረስ ጻፉልኝ፣ ትኬቱን አንድ ላይ እቆርጣለሁ።